ማስተካከያ፦ ስለ ፕላትሌትና ማይክሮ አርኤንኤ

ስለ ደም መርጋት ባቀረብነው ጽሑፍ «ፕላትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) ኒውክለስ (ዲኤንኤ የሚገኝበት የሕዋስ እምብርት) ስለሌላቸው ማይክሮ አርኤንኤ (የፕሮቲን ምርትን የሚቆጣጠር አጭር የአርኤንኤ ሰንሰለት) የላቸውም» ያልነው ስሕተት ነው። ኒውክለስ እንደሌላቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በአጥንት መቅኔ ከሚገኙት ሜጋካርዮሳይት ከተባሉ ግዙፍ ሕዋሳት ተቆርሰው ሲወጡ ፕሮቲን የሚሠራበትን መመሪያ የያዘውን መልእክተኛ አርኤንኤንም ማይክሮ አርኤንኤንም ይዘው ነው፤ ዳይሰር የተባለው ኢንዛይም ሳይቀር አብሯቸው ስላለ፣ ያልተጠናቀቀውን ማይክሮ አርኤንኤ ራሳቸው ቆርጠው ለሥራ ያበቁታል። 22 ገደማ ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ መገንቢያ ቅንጣት) ብቻ ያለው ይህ አጭር ሰንሰለት ፕሮቲን አይሆንም (ይህንንም አዛብተን ጽፈነው ነበር)፤ ከመልእክተኛው አርኤንኤ ጋር ተጣብቆ የፕሮቲን ምርቱን ይገታል እንጂ። ለምሳሌ በፕላትሌት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ማይክሮ አርኤንኤ 223 የሚያነጣጥረው ፒ2ዋይ12 የተባለው ተቀባይ ፕሮቲን በሚሠራበት መልእክት ላይ ነው፤ ክሎፒዶግሬል የተሰኘው የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት የሚዘጋውም ይህንኑ ተቀባይ ነው።