ውዳሴ አግላዮች

በመሥሪያ ቤታችን የምሳ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰሞኑን የተፈጸመውን ሥራ ሳስብ፣ ይህን ያህል የተካኑ አግላዮች እንዴት በአንድ ቦታ ሊሰበሰቡ እንደቻሉ ይደንቀኛል፤ ከስምንቱ አንዱ በመሆኔም ኩራት ይሰማኛል። አዲሱ ሠራተኛ ትሪውን ይዞ ብቅ ሲል ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ክፉ ቃል የጀማሪ ሥራ ነው። አንዱ ክርኑን ትንሽ ሰፋ አደረገ፣ አንዷ ቦርሳዋን ከጭኗ አንሥታ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ ደርቶ የነበረው ወሬም በአንድ ጊዜ ረግቦ ስለ አየሩ ጠባይ ሆነ፤ እኔም በበኩሌ ስልኬ ላይ አቀረቀርሁ። ሰውዬው በትሕትና «ሰው አለበት?» ሲል ጠየቀ። «ይመጣል» አልነው። የሚመጣው ሰው ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም።

«ምን አጥፍቶ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ የጥበቡን ሀሁ አልቆጠረም። ያጠፋን ሰው መቅጣት ማንም ዳኛ የሚችለው ተራ ነገር ሲሆን፣ ያላጠፋን ሰው ፊት መንሳት ግን ከመረጃና ከምስክር ነጻ የወጣ ሥራ ነው። ቤተሰቡን በናዚዎች ጭፍጨፋ ያጣው ፖላንድ ተወላጁ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄንሪ ታጅፌል፣ ለዚህ ሥራ ምን ያህል ትንሽ ሰበብ እንደሚበቃ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በእንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ውስጥ ፈትኖ ውጤቱን በ1971 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ለአፍላ ወጣት ተማሪዎች የፓውል ክሌንና የቫሲሊ ካንዲንስኪን ሥዕሎች አሳይቶ፣ ይበልጥ በወደዱት ሠዓሊ የተከፈሉ አስመስሎ በዘፈቀደ ለሁለት ደለደላቸው። ማን ከማን ጋር እንደተመደበ አያውቁም፤ ጠብ የላቸውም፤ የሚካፈሉት ርስትም የለም። ከዚያም በገንዘብ የሚመነዘር ነጥብ፣ ለራሳቸው ሳይሆን በቁጥር ብቻ ለሚታወቁ ሌሎች ልጆች እንዲያድሉ ተጠየቁ። ከቀረቡት ምርጫዎች አንደኛው ጫፍ ለራስ ወገን 19፣ ለሌላው 25 የሚሰጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጫፍ ለራስ ወገን 7፣ ለሌላው 1 ብቻ የሚሰጥ ነበር፤ መካከል ላይ 13 ለ13 የሚል ሰላማዊ ምርጫም ነበር። ልጆቹ የራሳቸው ወገን የሚያገኘው ቢያንስም እንኳ ሌላውን በልጦ ወደሚታይበት አቅጣጫ አዘነበሉ። ስለ ራስ ወዳድነት ብዙ ይወቀሳል፤ እነዚህ ልጆች ግን ከዚያ ከፍ ብለው፣ ሌላው እንዲያንስ ሲሉ የገዛ ወገናቸውን ድርሻ የሚሠዉ ሆነው ተገኙ። እንዲህ ያለ ቸርነት ከወዴት ይገኛል?

የሥራው ሌላው በጎነት ወጪ የሌለው መሆኑ ነው፤ ዱላ አያስፈልገውም፣ አሻራም አይተውም። ተመራማሪው ኪፕሊንግ ዊልያምስ ይህን የተረዳው በመናፈሻ ተቀምጦ ሳለ ነው፤ ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች የሚወራወሩት ፍሪስቢ የሚባል ሳህን መሰል መጫወቻ አጠገቡ ወደቀ፣ መለሰላቸው፣ እነሱም ጥቂት ጊዜ አጫወቱትና ሳይናገሩ ተዉት። ያቺ ቅጽበት ስላመመችው ኳስ መቀባበልን የሚመስል የኮምፒውተር ጨዋታ አዘጋጅቶ ሰዎችን ቢፈትን፣ ኳሱ የተነፈጋቸው ተከፉ፤ ይባስ ብሎ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ የከለከላቸው ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር መሆኑ አስቀድሞ የተነገራቸውም ከመከፋት አልዳኑም። ማሽን ብቻውን ለሚሠራው ሥራ እኛ ስምንት ሆነን መሰለፋችን ግን ክብራችንን የሚቀንስ አይመስለኝም፤ ማሽን ቦርሳ የለውም።

ምክንያቱ ደግሞ ራሱ እየተከተለ መጣ። ሰውዬው ወንበር ሲያጣ በመስኮቱ አጠገብ ለብቻው መመገብ ጀመረ፤ በሁለተኛው ሳምንት «አያችሁት? ከሰው አይቀላቀልም» ተባለ፤ በሦስተኛው ሳምንት ኩራተኛ መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያ አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እነሱ ሲፈጥራቸው እንዲህ ናቸው» አለ፤ ሌላው «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ሲል አጸናለት። «እነሱ» ማለት እነማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም። እኔ ለመጠየቅ አፌን ከፈት አድርጌ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም አንገቱን ሲነቀንቅ ሳይ እኔም ነቀነቅሁ፤ አንገት ከነገሩ በፊት የሚስማማ መልካም አካል ነው።

ትናንት ሰውዬው ትሪውን መልሶ ሲወጣ በጠረጴዛችን በኩል አለፈና ፈገግ ብሎ «እንደምን ዋላችሁ» አለን። ስምንታችንም በአንድ ድምፅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን መለስንለት። በሩ ከኋላው እስኪዘጋ ጠበቅን። ከዚያ ቦርሳዋን ባዶው ወንበር ላይ የምታስቀምጠው ባልደረባችን ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለችና «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጎ ይሆን?» አለች።