የሂጊታ የጊንጥ ምት በዓለም ዋንጫ አልነበረም

ወንድሜ፣ የኮሎምቢያው ግብ ጠባቂ ሬኔ ሂጊታ የጊንጥ ምቱን ያሳየው በ1990ው የዓለም ዋንጫ ነው ያልከው ብዙ ሰው የሚደጋግመው ስህተት ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 1995 ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝና ኮሎምቢያ ያደረጉት የወዳጅነት ግጥሚያ ነው፤ 0 ለ 0 አለቀ። የእንግሊዙ ጄሚ ሬድናፕ ከርቀት የላካት ኳስ በአየር ላይ ስትመጣ፣ ሂጊታ በእጁ መያዝ እየቻለ ወደ ፊት ተወርውሮ ኳሷን በአናቱ ላይ አሳለፈና ከጀርባው ባነሳቸው ሁለት እግሮቹ መለሳት። እንዲህ ያለ ድፍረት ዛሬም አላየሁም።

በ1990ው የዓለም ዋንጫ የሆነው ሌላ ነው። ኔፕልስ ላይ ከካሜሩን ጋር በተደረገው ጥሎ ማለፍ፣ በጭማሪው ሰዓት ሂጊታ ከግብ ክልሉ ርቆ ወጥቶ ሊያታልል ሲል ሮጀር ሚላ ኳሷን ነጥቆት አገባ። ካሜሩን 2 ለ 1 አሸንፋ ሩብ ፍፃሜ ገባች፤ ለእኛ ለአፍሪካውያን የማይረሳ ቀን ነው።

የሚቆጨኝ ግን ሰውየው በእነዚህ ሁለት ትዕይንቶች ብቻ መታወሱ ነው። በ1989 የኮፓ ሊበርታዶሬስ (የደቡብ አሜሪካ ክለቦች ዋንጫ) ፍፃሜ ለኮሎምቢያው ክለብ አትሌቲኮ ናሲዮናል በመለያ ምት አራት ኳስ አድኖ፣ አንዷን ራሱ አስቆጥሯል። ዋንጫውን ወደ ኮሎምቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመጣው ያ ቡድን ነው።