ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት

ድሬዳዋ አንቱታ እንደማትወድ አገር ያወቀው ነው። ሽማግሌውም ሹሙም የባንኩ ሥራ አስኪያጅም «አንተ» ነው፤ ሌላ ከተማ ጠብ የሚያስነሳው ቃል እዚህ ሰላምታ ነው። በዚህ ሁሉ እኩልነት መሃል ግን ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ የተቀመጠ ልዩ ማዕረግ አለ። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ከወንድሙ ጋር ከዚራ ሻይ ቤት ሲገባ አስተናጋጁ ወንድምየውን እያየ ጎንበስ ይልና በትሕትና ይጠይቃል፦ «እሱ ምን ይጠጣ?» አንቱታ የሌላት ከተማ ሦስተኛ መደብን ለክብር ስታውለው ማየት ሰዋስው ለሚወድ ሰው ደስታ ነው። ፋርማሲም «በቀን ሁለቴ እንዲውጥ ንገረው» ይባላል፤ ዋጪው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ እየሰማ። መስማት የተሳናት ደንበኛ አስተርጓሚ ይዛ ከመጣች ዓይን ሁሉ አስተርጓሚው ላይ ይተከላል፦ «እንዲህ በላት።» አስተርጓሚው ከተናጋሪው ጎን የሚቆመው እሷ የሁለቱንም ፊት በአንድ እይታ እንድታገኝ ነበር። ተናጋሪው ግን ፊቱን ከእሷ አዙሯል፤ ከፊቱ ልታነብ የምትችለውን ሁሉ ይዞባት ዞሯል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ምስጋና ነው፤ ሳይጠሩት አቤት ለሚለው፣ «አብሽር!» ብሎ እጁን ለሚሰደው የድሬ ደግ።

ወዳጃችን ሆይ፣ ዓይነ ስውር ሰው አስፋልት ዳር ቆሞ ስታይ በትር የያዘበትን እጅ አፈፍ የምታደርግበት ፍጥነት ይገርመናል። ጉድጓዱን የሚያይለት በትሩ ነበር፤ አንተ ዓይኑን ጨፍነህለት ልትመራው ተነሳህ። አሰልቺ ሰዎች ሌላ መንገድ አላቸው። መጀመሪያ «ልርዳህ?» ይላሉ። «እሺ» ካለ ክንዳቸውን ይሰጡታል፤ እሱ ከክርናቸው ከፍ ብሎ ይይዛል፣ እነሱ ግማሽ እርምጃ ይቀድማሉ። መሪው ሲወርድና ሲወጣ በክንዱ በኩል ይሰማዋል። ደረጃ ላይ ቆም ብለው «ወደ ላይ ነው» ወይም «ወደ ታች» ይላሉ፤ ጠባብ ቦታ ሲደርሱ ክንዳቸውን ወደ ጀርባቸው ያዞራሉ፣ እሱም ከኋላቸው ይሆናል። አንተ ለዚህ ጊዜ የለህም፤ ከኋላ ሆነህ ትገፋዋለህ፣ ቦዩንም ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው። ቆሞ የነበረው ባጃጅ ለመጠበቅ ከሆነም ግድ የለም፤ ማዶ ተሻግሮ ይጠብቃል፣ እዚያም መልሶ የሚያሻግረው ሌላ ደግ አይጠፋም።

ሕንፃ አሠሪዎቻችንንም ሳናመሰግን አናልፍም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድና ደረጃ ለማይወጣ ሰው የሚሆን መግቢያ ይኑረው ብሏል። ደጃፉ ሦስት ደረጃ ካለውና አንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሦስቱ 45 ናቸው። በደረጃው ፈንታ የሚሠራውን ተዳፋት መወጣጫ ሰው ዊልቸሩን በገዛ ክንዱ እየገፋ እንዲወጣው ለአንድ ከፍታ 12 ርዝመት ያስፈልጋል፤ 5 ሜትር ከ40 መሆኑ ነው። ከመኪና ማቆሚያው የተረፈው ቦታ ሜትር ተኩል ነበርና ሜትር ተኩል ተሠራ። ሸርተቴ ተሠራ ማለት ነው። ሽቅብ ሲወጡት የፊት ጎማው ተነስቶ ወንበሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ቁልቁል ፊትን ወደ መንገድ አድርጎ የወረደ ሰው አስፋልቱ መሃል ራሱን ያገኘዋል። (እንዲህ ያለ ቁልቁለት በጀርባ ነው የሚወረደው፣ ረዳቱ ከታች ሆኖ።) እንዳይጎድልበት የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ተነጥፎበታል። ባለ ሕንፃውን ቢጠይቁት «ምን ችግር አለ፣ ሰው አለ አይደል!» ይላል።

እውነትም ሰው አለ። አራት ጎረምሶች ከየት መጡ ሳይባል ይደርሳሉ፤ ሁለቱ የእጅ መደገፊያውን፣ ሁለቱ የእግር ማሳረፊያውን ጨብጠው «ቢስሚላህ!» እነዚያ ክፍሎች ግን በብዙ ዊልቸር ላይ እንዲነቀሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ደረጃው መሃል ላይ ይነቀላሉ። ባለቤቱ «ፍሬሙን ያዙ፣ ጀርባዬን ወደ ደረጃው አዙሩኝና በኋላ ጎማው ሳቡኝ» ሲል የሚያገኘው መልስ «አብሽር!» ነው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይም እንዲሁ ነው፦ ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ሲሰምጡ ደጉ አሳምሮ ይገፋል፣ በተገፋ ቁጥር ይሰምጣሉ፣ ሰውየው ወደ ፊት ይደፋል። አዙሮ በትልልቆቹ ጎማ ወደ ኋላ መጎተት ይቻል ነበር፤ ያ ግን ባለ ወንበሩን መጠየቅ ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚልቀው ደግነት ግን ከደጃፍ ወደ ውስጥ ያለው ነው። ቤተሰብ መክሮ ረዳት ይመድባል፣ ብዙ ጊዜ ሥራ ያጣ የአክስት ልጅ። ደሞዙን የሚቆርጠው ወንድም፣ ሥራውን የምታዘው እናት፣ የሚታጠበው እሱ። ከቀትር በኋላ ረዳቱ በርጫ ከተቀመጠ ሽንት ቤትም አብሮ እስከ ማታ ይጠብቃል።

አሜሪካ በርክሊ ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ይህን ምቾት ያልወደዱ አካል ጉዳተኞች የራሳቸውን ማዕከል ከፈቱ። ከመካከላቸው ፖሊዮ ከአንገቱ በታች ሽባ ያደረገው ኤድ ሮበርትስ ነበር፤ የካሊፎርኒያ የተሃድሶ መሥሪያ ቤት «ለሥራ አይሆንም» ያለው ሰው፣ በኋላ የዚያው መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር ሆኗል። ለእነሱ ራስን ችሎ መኖር ማለት ሸሚዝን በራስ ጣት መቆለፍ አልነበረም፤ ማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሚቆልፈው ማዘዝ ነበር። ኢትዮጵያም በእኛ አቆጣጠር በ2002 ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች ስምምነት በአንቀጽ 19 የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር የሚመርጠው ራሱ ሰውየው ነው ይላል። እኛ ጋ ይህ እንደ ንቀት ይታያል፦ «ምነው፣ ምን አጎደልንብህ?»

ደፍሮ ረዳቱን ራሱ የሚቀጥር ሰው አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃዋል፦ የመነሻ ሰዓት፣ ደሞዝ፣ የእረፍት ቀን፣ ከቤት የማይወጣ ወሬ የትኛው እንደሆነ፣ የሚያሰናብት ጥፋት፣ የሙከራ ሳምንት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ተጠባባቂ ሰው ነው፤ አንዱ ረዳት ወባ የያዘው ቀን ኑሮው ሁሉ አልጋ ላይ ይቀራል። ከአልጋ ወደ ዊልቸር መዛወርም ቅደም ተከተል አለው፦ ወንበሩ ከአልጋው ጎን ሰያፍ ይቆማል፣ ሁለቱም ፍሬን ይያዛል፣ የእግር ማሳረፊያው ይነሳል፣ በብብት አይጎተትም። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለው ደግሞ ባለ ገላው ነው፤ ረዳቱ ከቆጠረ ሰውየው ሳይዘጋጅ ይነሳና ትከሻው ይከፍላል።

በተለይ «አርፈህ ተቀመጥ» የምትለዋ ምክር ሽልማት ይገባታል። አከርካሪው ተጎድቶ መቀመጫው የማይሰማው ሰው በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን እያዘነበለ ክብደቱን ካላነሳ ቆዳው ደም ያጣል፤ የድሬ ላብ ሲጨመርበት ይላጣል፤ የቆሰለው ለመዳን ወራት ይፈጃል። ጎንበስ ቀና ሲል ያየ ደግ ግን ትከሻውን ይዞ ያስተካክለዋል።

በዚህ መሃል ሻዩ መጥቷል። አስተናጋጁ ለወንድምየው ስኳሩን አቀረበለት፤ ለእሱ ግን ሦስት ማንኪያ ጨምሮ፣ አማስሎ፣ «አብሽር» ብሎ አስቀመጠለት። ሰውየው ስኳር አለበት።