ወፏ ሦስት ገጽ ተጻፈላት

እስቲ ዛሬ ደግሞ የወፍ ነገር ላውጋችሁ። አትሳቁ፣ አዎ ወፍ ነው ያልኩት።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2024 መኸር ላይ በበራችን የደብዳቤ ቀዳዳ አንድ ወፈር ያለ ፖስታ ገባ። እኔ እዚህ አገር ወፍራም ፖስታ ሳይ ሆዴን ባር ባር ይለዋል፣ ወይ ቅጣት ነው ወይ ታክስ ነው። ስከፍተው ግን ከመንደራችሁ ወጣ ብሎ ባለው የእርሻ መሬት ላይ የሶላር ፋርም፣ ማለትም ፀሐይን ወደ መብራት የሚለውጥ የፓኔል ማሳ፣ ልንሠራ አስበናል፣ እናንተ ምን ትላላችሁ፣ ሐሙስ ማታ በመንደሩ አዳራሽ መጥታችሁ ንገሩን፣ ሻይና ብስኩት አለ ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ምን ትላላችሁ? ማን፣ እኔ? እኔ እኮ የለንደን ኪራይ ቢያንገፈግፈኝ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ኦክስፎርድሺር ገጠር የገባሁ መጤ ነኝ። ሚስቴ "ሂድ እንጂ፣ ብስኩት አለ ተብሏል" አለችኝ።

ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። የዕድር ስብሰባ በሉት፣ ዳቦና ጠላው ሲቀር። ግድግዳው ላይ ካርታ ተለጥፏል፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ትራስ የሚያክል ሰነድ ተቀምጧል፣ ማንም ሰው ገልጦ ማየት ይችላል። እኔም የማነብ ለመምሰል ገለጥ ገለጥ ሳደርግ አንዲት ወፍ ላይ ደረስኩ። ስካይላርክ ይሏታል፣ ጎጆዋን መሬት ላይ የምትሠራ፣ ከድንቢጥ ትንሽ ከፍ የምትል ቡናማ ነገር ናት። ስንት ጥንድ እንደተቆጠረ፣ በየትኛው ወር እንቁላል እንደምትጥል፣ ፓኔሉ ሲተከል የት እንደምትሄድ፣ ለሷ ሲባል አጠገቡ ባለው የስንዴ ማሳ መሐል ዘር የማይዘራባቸው መደቦች እንደሚተዉላት፣ ሁሉም ተጽፏል። ሦስት ገጽ! እዚያው እንደቆምኩ ምን አሰብኩ መሰላችሁ፣ እናቴ በሰባ ምናምን ዓመቷ በየትኛው ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ተጽፎላት ያውቃል?

ስብሰባው ተጀመረ። ፕሮጀክቱ 49.9 ሜጋዋት ነው ተባለ። ለምን 50 አልሞላም? ያኔ በነበረው ደንብ ከ50 በላይ ከሆነ ጉዳዩ ከአካባቢው ካውንስል እጅ ወጥቶ ሚኒስትሩ ዘንድ ይሄዳል፣ ስለዚህ ጫፉ ላይ ስትደርስ ነጥብ አንድ ትቆርጣለህ። እኔ እንዲህ ያለ ብልጠት የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ቅሬታ ጀመረ። አንዷ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሜዳውን እያየሁ ነው የምነሳው አለች። አንዱ ፓኔሉ ቢያብለጨልጭ ፈረሴ ይደነብራል አለ። ሌላው ጥሩ የእርሻ መሬት ስንዴ ማብቀል ሲችል ለምን ብረት ይበቅልበታል፣ ፓኔሉን ፋብሪካና መጋዘን ጣሪያ ላይ ለምን አይሰቅሉትም አለ፣ ይሄኛው እንኳ ቁም ነገር ነው። እኔን ያቃጠለኝ ጎረቤቴ ነው። የተቃውሞ ፊርማ የሚሰበስብበትን ወረቀት አምጥቶ አፍንጫዬ ስር ደቀነልኝ። "ቤትህ መብራት ጠፍቶ ያውቃል?" አልኩት። ጣሪያ ጣሪያውን አየና "አዎ፣ አንድ ጊዜ ነፋሱ የጠና ቀን አራት ሰዓት ያህል ጠፍቷል" አለኝ፣ ያውም ፊቱን እንደ ሐዘንተኛ አጥቁሮ። አራት ሰዓት! እኛ አገር አራት ሰዓት ጠፋ ይባላል እንዴ? ዐይኑን ጨፍኖ ገለጠ ነው የሚባለው። አልፈረምኩለትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታው ቀዝቅዟል፣ ይቀዝቅዝ።

የኩባንያው ሰዎች የተናገሩትን ስሰማ ግን ሌላ ቅናት ያዘኝ። ገበሬው መሬቱን አይሸጥም፣ ለ40 ዓመት ያከራያል። የፓኔሉ እግር መሬት ውስጥ እንደ ችካል ይመታል እንጂ ሜዳው ሲሚንቶ አይለብስም፣ ዘመኑ ሲያበቃ ተነቅሎ ይሄዳል፣ መንቀያውንም የሚከፍለው ኩባንያው እንደሆነ ውሉ ላይ ይገባል። እስከዚያው መሬቱ ሳይታረስ፣ ማዳበሪያና የአረም መድኃኒት ሳይነካው ያርፋል። በፓኔሉ መደዳ መሐል አበባ የተቀላቀለበት ሣር ይዘራል፣ ንቡም ቢራቢሮውም ይመጣል። ሣሩን ማን ያጭደዋል ብትሉ፣ በግ! ፓኔሉ ከፍ ተደርጎ ስለሚተከል በጎቹ ከስሩ ይግጣሉ፣ ሲዘንብ ይጠለሉበታል። በእንግሊዝ ሕጉም ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ትልልቅ ግንባታ የሚሠራ ሁሉ ተፈጥሮውን ካገኘበት ቢያንስ በ10 በመቶ አሻሽሎ እንዲተው ያስገድዳል። ይሄ ሁሉ የሆነው ደግሞ አገሩ የመጨረሻውን የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ በዘጋበት ሰሞን ነው፣ በ1882 የጀመሩትን ከሰል በሴፕቴምበር 2024 አጠፉት።

ለመንደሩስ? በየዓመቱ ወደ መንደሩ ፈንድ የሚገባ ገንዘብ አለ። የአዳራሹ ጣሪያ ያፈሳል፣ ይጠገናል። ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ፓኔል ይገባል። ሰው ውሻውን የሚያንሸራሽርበት የእግር መንገድ ሳይዘጋ ይቀራል። ልብ በሉ፣ ፈንዱን ሕግ አስገድዷቸው አይደለም፣ ሰዉ ስለሚጮህ ነው። ከኛ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ዌስትሚል የሚባል 5 ሜጋዋት ሶላር ፋርም አለ፣ ከ2012 ጀምሮ ባለቤቶቹ እኛ የባንክ አክሲዮን እንደምንገዛው አክሲዮን የገዙ ተራ ሰዎች ናቸው። ፀሐይ በወጣች ቁጥር ትርፍ ሲያስቡ ይታያችሁ። የትኛዋ ፀሐይ? እዚህ አገር ሶላር ፓኔል ዓመቱን ሙሉ ተደምሮ የሚሰጠው ካለው አቅም አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ስብሰባው ማታ እንኳን ይዘንብ ነበር።

አሁን ወደ ቤት ልመልሳችሁ።

ሰሜን ሸዋ ቆላው ላይ፣ በአባቴ ማሳ ትልቁ የመብራት መስመር አልፏል። መጀመሪያ ሰዎች መጥተው ችካል ቸከሉ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ሕዝቡን ዋርካው ስር ሰብስቦ ልማት ነው አለ፣ ሰዉ አጨበጨበ፣ አለቀ። ካሳ አልተከፈለም አልልም፣ ለዚያ ዓመት ማሽላ ተከፍሏል። ታወሩ ቆመ። ሲያካፋ ሽቦው ዝዝዝዝ ይላል፣ ልጅ ሆነን ታወሩን ጆሯችንን አስጠግተን እናዳምጠው ነበር፣ አዲስ አበባ የሚሄደው መብራት እያለፈ ነው እንባባላለን። ማታ ያ ሁሉ መብራት በራሳችን ላይ እያለፈ እናቴ ኩራዟን ትለኩሳለች። ላምባው የተወደደ ቀን ክሩን ዝቅ ታደርገዋለች፣ እኔም ደብተሬን ወደ ኩራዙ እጠጋለሁ፣ ጠዋት ስናፈጥ መሐረቡ ጥቁር ነው። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የተፈተንኩት በዚያ ጥላሸት ነው። ታወሩ ለኛ ያገለገለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ እግሩ ላይ በግ ይታሰርበታል። እንግሊዞቹ ስለ በግ ሲያወሩ እኔ ለብቻዬ የሳቅኩት ለዚህ ነው።

አውቃለሁ አውቃለሁ፣ ከትልቁ መስመር ዝም ብሎ አይቀጠልም፣ ሰብስቴሽን ይፈልጋል፣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ እንዳትጽፉብኝ። የኔ ጥያቄ ያ አይደለም። መስመሩ ሲያልፍ እናንተስ ምን ይደረግላችሁ ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር ወይ ነው።

እኛ ሜጋዋት እንወዳለን። ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ሲባል እኔም እንደናንተው ዘልያለሁ፣ ቦንድም ገዝቻለሁ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ደግሞ ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ በስልኬ አይቻለሁ። ግን ውሃ ውሃ ነው። በ2011 ግንቦት ላይ የጊቤ 3 ውሃ ሲቀንስ አገሩ በሙሉ ፈረቃ መግባቱን የረሳ ካለ የጄኔሬተር ናፍጣ የገዛውን ይጠይቅ። ፀሐዩ የሚከረው ደግሞ ልክ ውሃው በሚሸሽበት ሰሞን ነው፣ ቀን ቀን በፀሐዩ እየሠራህ የግድቡን ውሃ ለማታ ብታቆየው ማን ይጠላል? የኛ አገር መሬት በካሬ ሜትር በቀን በአማካይ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የፀሐይ ጉልበት ይወርድበታል፣ እዚህ 3 እንኳ አይሞላም። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ብለን ፖስተር ላይ ለቱሪስት ሸጥናት፣ እነዚህ ደግሞ ዝናብ ውስጥ ተቀምጠው ያጭዷታል።

ሙከራው የለም አይባልም። በፈረንጅ 2017 መተሐራ ላይ የ100 ሜጋዋት ሶላር ጨረታ አሸናፊ ታወቀ ተባለ። በ2019 ደግሞ ሶማሌ ክልል ጋድ፣ አፋር ዲቼቶ፣ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋዋት፣ ኪሎዋት ሰዓቱ በአሜሪካን ሁለት ሳንቲም ተኩል ገደማ ተባለ። እልል አልን። ዓመታት ሄዱ፣ ዜናው ከፓኔሉ ቀድሞ አረጀ። ደግሞ በነዚያ ሁሉ ዜናዎች ውስጥ ሜጋዋቱን፣ ዶላሩን፣ የተፈራረሙትን ሰዎች ክራቫት ሳይቀር አይቻለሁ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ምን ያገኛል የሚለውን ግን ፈልጌ አጣሁ። አፋር ላይ ካርታው ባዶ ሜዳ ይለዋል፣ ከብት አርቢው ግን በበጋ የሚገባበት ግጦሹ ነው፣ ግመሉ ወደ ውሃ የሚያልፍበት መንገዱ ነው። ዙሪያውን በሽቦ ካጠርከው ግመሉ በየት ይለፍ? እዚህ ለውሻ ማንሸራሸሪያ መንገድ ሲተው አይቻለሁና ነው የምለው። ለዚያ ፀሐይ ደግሞ የፓኔል ጥላ ትልቅ ነገር ነው፣ ስሩ እርጥበት ይቆያል፣ ሣር ይበቅላል፣ ፍየል ገብታ ትውላለች፣ አቧራውን በየሳምንቱ የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋል፣ እሱም እንጀራ ነው። ይሄን ውል ውስጥ ለማስገባት እንግሊዝ መሆን አይጠይቅም፣ አንድ ሰው መጥቶ መጠየቅ ብቻ ነው።

እኔ መንግሥት እስኪጠይቅ አልጠብቅም ብዬ የራሴን ሶላር ፋርም ከፈትኩላችሁ። አንድ ፓኔል፣ አንድ ባትሪ፣ አራት አምፖል። ሰው አዲስ አበባ ሲሄድ አስይዤ ላኩ። እናቴ የበራ ቀን ደውላ መርቃኝ መርቃኝ ስልኩን መዝጋት አቃታት። ደስታው የቆየው ስምንት ወር ነው። ታናሽ ወንድሜ ከከተማ ቲቪና አንድ በርሜል የሚያክል ስፒከር ገዝቶ መጣና ባትሪው ላይ ሰካ። የጎረቤት ስልክ ሁሉ ቻርጅ ያደርጋል፣ በገበያ ቀን ያስከፍላል። ቢዝነስ ነው! ማታ ማታ ባትሪውን እስከ ጥርሱ እየጨረሰ አኮሰመነው። "አንተ ልጅ፣ ለመብራት የተላከ ባትሪ እንዴት ስፒከር ታስጮህበታለህ?" ስለው "ጋሼ፣ እናንተ ጋ እኮ ሁሉ በመብራት ነው" ብሎ ዝም አሰኘኝ። ቆይ፣ ፓኔሉ ደህና ነው፣ ጣሪያ ላይ እያብለጨለጨ ነው፣ ባትሪው ነው የሞተው። እሱን የሚያይ ባለሙያ ደግሞ በእግር ግማሽ ቀን ነው፣ ያውም ካለ። እዚያው ሰሜን ሸዋ ሬማ መንደር ላይ አንድ የውጭ ድርጅት በየቤቱ ትንንሽ ሶላር ሲያስገባ ቴክኒሻን የሚሠለጥንበት ትምህርት ቤትም አብሮ ከፍቶ ነበር፣ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ዕቃ ላኩ፣ እነሱ ሰው አስተምረው አስቀመጡ። እናቴ ተመልሳ ኩራዟን አውጥታለች። ይሄን ያህል ፓውንድ አውጥቼ ኩራዝ! እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው እንጂ የመተሐራው አይደለም፣ እውነቱን ልንገራችሁ።

የእንግሊዞቹን ፕሮጀክት ካውንስሉ በጸደይ አጸደቀው። ፈረሱም አልደነበረም፣ ወፏም መደቧን አገኘች።

ከስብሰባው ስወጣ በር ላይ ቅጽ ያድሉ ነበር፣ ስጋትዎንና የሚፈልጉትን ይጻፉ የሚል። አንዱን ሞላሁ፣ አንዱን ኪሴ ከተትኩ። እሁድ ለእናቴ ደወልኩና ቅጹን ፊቴ ዘርግቼ "እማዬ፣ ያ በማሳችን ያለፈው ትልቁ መስመር ሲሠራ፣ ምን ይደረግላችሁ ብለው ቢጠይቁሽ ኖሮ ምን ትያቸው ነበር?" አልኳት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"እኔን?" አለች።

"አዎ አንቺን።"

"ወፍጮ ነዋ ልጄ፣ ሌላ ምን እላለሁ፣ ወፍጮው እዚህ ቢሆን ይሄ ወገቤ..." ብላ ስትጀምር ወንድሜ ከኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ባትሪም በይው! ባትሪ!" ይላል።

ሁለቱንም ጻፍኩት። ቅጹ ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ አለ፣ የምልክለት አድራሻ ነው የጠፋው። ባትሪውን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ አስይዙልኝ፣ ከባድ ነው፣ ኪሎ እከፍላለሁ።