ማስተካከያ፦ ለእሳት የሚደወለው ወዴት ነው?

ትናንት ለፒያሳ ነጋዴዎች ባጋራሁት መልእክት «ሱቃችሁ እሳት ቢነሳበት ለፌዴራሉ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ደውሉ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የከተማችን እሳት የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሥራ ነው፤ ስልኩም 939። ስማቸው እንደ መንታ ስለሚመሳሰል ተምታታብኝ።

የፌዴራሉ ሥራ ሰፋ ያለ ነው፦ ስለ ድርቅና ጎርፍ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፣ እህል በመጋዘን ያከማቻል፣ ከክልሎች ጋር ሆኖ ለተፈናቀሉት እርዳታ ያደርሳል። በ2017 አዋሽ ፈንታሌ ሲንቀጠቀጥ (እኛም ፎቅ ላይ ሆነን አምፖሉ ሲወዛወዝ ያየን ጊዜ) ነዋሪዎችን ከስጋቱ ቀጠና በማውጣቱ ሥራ ውስጥ ነበረበት። ሥሩም በ1966፣ በወሎው ረሃብ ዘመን የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነው።

መልእክቴን አትማችሁ ቆጣሪው አጠገብ የለጠፋችሁ፣ እባካችሁ ቀዳችሁ ጣሉት።