ወሬዬን አባ ኮዳ በላው
ሰው ክፍል ሲገባ የመጣበትን ለምን እንደሚረሳ የሚያወራ አንድ ጽሑፍ ላይ «ክፍል ገብቶ ምን ልፈልግ ነበር ማለት የእርጅና ምልክት አይደለም» የሚለውን ሳነብ ተንፈስ አልኩ። ገና ሠላሳም አልሞላኝ! እሁድ ሐዋሳ አሞራ ገደል ከጓደኛዬ ጋር ዓሣ ልንበላ ወርደን፣ አንድ ቁም ነገር ልነግረው አፌን ስከፍት አንዱ አባ ኮዳ (ያ ትልቁ ወፍ) ከዓሣ አራጁ እግር ስር አንጀት ላፍ አድርጎ ሄደ፣ በቃ ወሬዬም አብሮ ሄደ። «እሺ፣ ከዛስ?» ይለኛል። ከየት ላምጣ? ጋብሪኤል ራድቫንስኪ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በር ማለፍ ብቻውን እንደሚያስረሳ አሳይቷል። እኔ ግን በር እንኳ አላለፍኩም፣ እዛው ቆሜ ነው የጠፋኝ። ማታ ባጃጅ ውስጥ ትዝ አለኝ፤ ለካ ያበደርኩትን ብር ልጠይቀው ነበር። የዓሣውንም የከፈልኩት እኔ ነኝ።