ሳልሞት የተወረሰው ደብተር

ሰሞኑን የሚያበግነኝ ነገር ተገኝቷል። መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ገና ዞር ከማለቱ ስልኩ ሁሉ ብድግ ይላል። ቀጭ! ቀጭ! እኔ እስክሪብቶ ይዤ ስፍጨረጨር ከኋላ "አንተ፣ ጎንበስ በልልን እንጂ!" ይሉኛል። እሺ፣ ይነሳ። ማን ነው ግን ተመልሶ የሚያየው? ትምህርቱ ከሠርግ ፎቶና ከድመት ቪዲዮ መሀል ተቀብሮ ይቀራል።

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።" ይቺን ተረት ስወዳት! ስለ መርሳቱ ክርክር የለኝም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስም ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች እየሸመደደ ራሱን ፈትኖ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። ከልፋቱ ከግማሽ በላዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብን ይልበት ነበር።

የእኔ ጣጣ መውረሱ ላይ ነው። ወራሽ የሚመጣው ባለቤቱ ሲሞት መስሎኝ! የእኔው በፈተና ዋዜማ መጣ። "ለአንድ ሌሊት ብቻ፣ በናትህ!" አለና ደብተሬን ይዞ ሄደ። ያ ሌሊት እስካሁን አልነጋም። ሴሚስተሩን ሙሉ ሲያዛጋ የከረመ ሰው እኮ ነው! ከፈተናው በኋላ ደግሞ "ጽሑፍህ አይነበብም" አለኝ። አይነበብም? ታዲያ ከእኔ የበለጠ ውጤት በምኑ አመጣህ? ይሄን በቀልድ አላልፈውም። ሰው ቁጭ ብሎ ሰምቶ፣ መርጦ፣ በራሱ አባባል የጻፈውን ወስዶ ስለ እጅ ጽሑፉ መተቸት ነውር ነው።

ባለ ሃይላይተሩም አለ። ገጹን ቢጫና ሮዝ ከመቀባቱ የተነሳ ጎልቶ የሚታየው ያልተቀባው መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጥናት ዘዴዎችን የገመገሙ ተመራማሪዎች ማቅለምን ብዙም ከማይጠቅሙት መድበውታል። ራስን መፈተንን ግን ከላይ አስቀመጡት። ለቀለም ሠዓሊው ይሄን ማን ይንገረው?

ለማንኛውም፣ ስለ ኖት ነበር የጀመርኩት። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ፓውክ ያስተዋወቀው ዘዴ ቀላል ነው። በቀኝ ሰፊው ዓምድ ኖቱ ይጻፋል፣ በግራ ጠባቡ ጥያቄ፣ ከታች ማጠቃለያ። ከዚያ ቀኙን ሸፍኖ በግራው ራስን መጠየቅ ነው፤ በዚያው ቀን ቢሆን ይመረጣል። እኔም እንዲያ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። ጥያቄውም መልሱም ግን እዚያ ሰውዬ ቤት ናቸው።